ልጅ ይዞ አገር መሻገር፦ ትምህርት ቤት ስለ መምረጥ

በጎንደር ከተማ ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ

 

የተሰጠኝ ርእስ አጭር ነው። አንድ የጎንደር ሰው ልጆቹን ይዞ ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ለልጆቹ ትምህርት ቤት እንዴት ይመርጣል? ጥያቄው ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም። ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር የሚሻገር ሐኪምና መምህር ከዚህ ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬ ብዙዎቹ ብቻቸውን አይሄዱም፤ ቤተሰብ ይከተላቸዋል። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርሁ፤ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አራት ዓመት ናይሮቢ ኖሬ ተመልሻለሁ። ከማነሣው ብዙው ከዚያ የቃረምሁት ነው፤ ጥቂቱን ደግሞ በስሕተቴ ተምሬዋለሁ።

ልል ያሰብሁት አንድ ነገር ነው። ትምህርት ቤት የሚመረጠው ከመውጫው በር ተነሥቶ ነው። ልጁ ከዚያ ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? ከማን ጋር፣ በምን ቋንቋ ያወራል? ይህን ያልቆረጠ ወላጅ ሕንፃውንና መዋኛ ገንዳውን እያየ ይመርጣል። መጀመሪያ የራሳችንን የቆየ ልማድ፣ ቀጥሎ ከዚህ አገር ወደ ውጭ የሄዱ የጥቂት ልጆችን ታሪክ፣ ከዚያም የዛሬውን ጉዳይ አነሣለሁ። መካከለኛው ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

«ይህ የባለጸጋ ጭንቀት ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አልስማማም። የስሜን አርሶ አደር ልጁን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ደባርቅ ሲልክ አንዲት ክፍል ይከራይለታል፤ ልጁም በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቀየው ወጥቶ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ያ አባት ክፍሏን ከመከራየቱ በፊት አከራይዋ ማን እንደሆነች፣ ልጁ ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ሲታመም ማን ውኃ እንደሚያቀብለው አጣርቶ ይጠይቃል። ወደ ኦስሎ ወይም ወደ ናይሮቢ የሚሄደው ዶክተር ግን፣ ከልምድ እንዳየሁት፣ ይህን ያህል አይጠይቅም። የትምህርት ቤቱን ሥዕል በስልኩ አይቶ ይወስናል።

እንግዲህ ከልማዳችን ልጀምር። የአብነት ተማሪ ትምህርት ቤቱን የሚመርጠው በሚፈልገው ሙያ ነው። ድጓ የሚሻ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ ይሄዳል፤ ቅኔ ያማረው ዋድላን፣ ጎንጅን ወይም ዋሸራን ይመርጣል፤ አቋቋም የሚሻ ደግሞ እዚሁ ጎንደር፣ በኣታ ይመጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ፣ ከመንደር ውሻ ጋር ተሟግቶ ይደርሳል። የሚያድርበት ጎጆ ብዙ ጊዜ ራሱ የሚሠራት ናት፤ ስለ ሕንፃ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው መምህሩ ማን እንደሆነ፣ እሱስ ከማን እንደተማረ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ማስመስከር የሚባለው ነገር ነው። አንድ ተማሪ ድጓን በየትም ደብር ቢማር፣ ትምህርቱ በሁሉም ዘንድ እንዲታመንለት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። አቋቋሙም በበኣታ ምስክርነት ይጸናል። ምስክሩን የያዘ ሰው ሐረር ቢሄድ፣ ኢየሩሳሌም ቢሄድ «ይህን ማን ነገረህ?» የሚለው አይኖርም። ዛሬ በዓለም ያሉ ትምህርት ቤቶች አክረዲቴሽን የሚሉት ይኸው ነው። ትምህርት ቤቱ ስለ ራሱ የሚናገረውን ትቶ፣ ሌላ የታመነ አካል ስለ እሱ የሚመሰክረውን መስማት። ጎንደሬ ወላጅ በውጭ አገር ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ «የማን ምስክር ናችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ አያቶቹ የሚያውቁትን ጥያቄ መጠየቁ ነው።

ያን ዘመን ላወድስ አይደለም የተነሣሁት። በረኃብና በተስቦ መንገድ ላይ የቀረ ስንት ሕፃን አለ፤ ሴቶች ልጆች ደግሞ ከዚያ ማዕድ እምብዛም አልቀመሱም። ጥያቄው ግን ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ይዟቸው ከወጣው መካከል ሁለት ሕፃናት ነበሩ። አንዱ የ7 ዓመት፣ ሌላው የ3 ዓመት ገደማ። ሁለቱም በሥጋ የዚህ አካባቢ ልጆች ናቸው፤ የሁለቱ መንገድ ግን ለየቅል ሆነ።

የመጀመሪያው ልዑል ዓለማየሁ ነው። አባቱ ቋረኛው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የስሜኑ የደጃዝማች ውቤ ልጅ። እናቱ ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ ዐረፈች። ልጁ አማርኛ ከሚያውቀው እንግሊዛዊ መኮንን ከካፒቴን ስፒዲ ጋር እንግሊዝ ገባ፤ ከእሱም ጋር ወደ ሕንድ ሄደ። ኋላ የለንደን መንግሥት «ልጁ በወጉ ይማር» ብሎ ከስፒዲ ለየውና እንግሊዝ አስመለሰው። መጀመሪያ ቼልተንሃም ኮሌጅ፣ ከዚያ ራግቢ፣ በመጨረሻም የሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። እነዚህን ስሞች ልብ በሉልኝ። ዛሬም የዓለም ባለጸጋ ልጁን ለማስገባት የሚሰለፍባቸው በሮች ናቸው። ዓለማየሁ ግን በኅዳር 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 18 ነበር። ዐፅሙ ዊንድዘር ነው፤ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም።

ትምህርት ቤቱ ገደለው አላልሁም፤ የገደለው ሕመም ነው። የምለው፣ የመረጡለት ሰዎች ለማዕረጉ የሚመጥነውን መረጡለት። ይህ ልጅ ነገ ምን ይሆናል፣ የት ይኖራል፣ በቋንቋው የሚያናግረው ማን ይቀርለታል ብሎ ያሰበለት ግን አልተገኘም። አማርኛ የሚያውቀውን አንዱን ሰው ከአጠገቡ አንሥተው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ሰጡት። እዚህ ያላችሁ ወላጆች ይህን አታደርጉም። ሆኖም በትንሹ፣ ሳናውቀው፣ ሁላችንም እናደርገዋለን።

ሁለተኛው ሕፃን ወርቅነህ እሸቴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1865 ጎንደር ተወለደ። የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዱት፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አድጎ ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፤ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ በበርማ በሐኪምነት አገለገለ። ከዐድዋ በኋላ አገሩን ፍለጋ ተነሣ፤ በ1899 አዲስ አበባ ሲደርስ አያቱ በሰውነቱ ላይ ባለ ጠባሳ ለየችው። ቆዳው መስክሮለት አንደበቱ አልመሰከረለትም፤ አማርኛን በጎልማሳነቱ እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ያም ሆኖ የሄደበት ትምህርት ተሸክሞት የሚመለስ ሙያ ሰጥቶት ነበር። ሐኪም ሆኖ አገለገለ፤ በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መራ፤ ጣሊያን ሲወረን ለንደን ላይ የአገሩ ሚኒስትር ነበር። ልጆቹን ቢንያምንና ዮሴፍን እንግሊዝ ልኮ ምህንድስና አስተማራቸው፤ ተመልሰው በ1937 የፋሺስት ሰለባ ሆኑ። እንዲህም ያለ አለ፤ የተመረጠ ትምህርት ቤት ከዘመን ክፋት አያስጥልም።

ሦስተኛውን ታሪክ ከቅርብ እናገኘዋለን፤ ወለቃ ከዚህ በእግር የሚደረስባት መንደር ናት። ከወለቃ የወጣው ዮና ቦጋለ በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምሮ ለቤተ እስራኤል ወገኖቹ ትምህርት ዕድሜውን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 ደግሞ ከዚሁ አካባቢ 27 ወጣቶች እስራኤል አገር ክፋር ባትያ ወደሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ሲሄዱ ለምን እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር፦ ተምረው ተመልሰው በየመንደራቸው ሊያስተምሩ። ብዙዎቹም ተመልሰው አስተማሩ። ክፋር ባትያ ከቼልተንሃም ጋር ቢተያይ ስሙም ሀብቱም አይደርስም፤ በመውጫው በር ግን ይበልጠዋል።

ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1984 እና በ1985 ዘመቻ ሙሴ በተባለው ጉዞ ሺዎች በሱዳን በኩል ሲሻገሩ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ልጆቹ ወደ መንግሥት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች እንዲገቡ ተወሰነ፤ ከፍ ከፍ ያሉት ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ተለይተው አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ወላጅ መራጭነቱ ቀረበት። ልጆቹ ዕብራይስጡን ሲቀድሙ በሐኪም ቤት፣ በባንክ፣ በትምህርት ቤቱም ስብሰባ ሳይቀር የወላጆቻቸው አስተርጓሚ ሆኑ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እዚህ አገር ተግሣጽ ነው፤ እዚያ የየዕለት ኑሮ ነው። ስለ ልጁ ሰነፍነት የሚነጋገረውን ስብሰባ ልጁ ራሱ ቢተረጉመው ምን ዓይነት ትርጉም እንደሚወጣ እናንተ ገምቱ።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። በመጀመሪያ «ኢንተርናሽናል» የሚለው ቃል አያስደንግጣችሁ፣ አያባብላችሁ። በታፔላ ላይ ለመጻፍ ቀለም ብቻ የሚጠይቅ ቃል ነው። መውጫው በር ሲታይ ልዩነቱ ይገለጣል። እዚሁ አገራችን አዲስ አበባ ውስጥ በ1947 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሊሴ ገብረ ማርያም ልጁን ወደ ፈረንሳይ ባካሎሬያ ያደርሰዋል። የሳንፎርድ ትምህርት ቤት መንገዱ የእንግሊዝ ነው፤ ጫፉ ላይ አይ ቢ የሚባለውን ዲፕሎማ ይሰጣል። አይ ቢ በ1968 ጄኔቫ የተመሠረተ ሲሆን ከአገር አገር ለሚዘዋወሩ ቤተሰቦች ልጆች በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ተቀባይነት ያለው መውጫ እንዲኖር ታስቦ ነው። አይ ጂ ሲ ኤስ ኢ ከ1988 ጀምሮ የሚሰጥ የካምብሪጅ ፈተና ነው፤ ከ14 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች ይወስዱታል፤ ብቻውን ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ አያስገባም፣ ኤ ሌቭል ወይም ሌላ ነገር ይከተለዋል። ልጅን 10ኛ ክፍል ላይ ከአንዱ ነቅሎ ወደ ሌላው መትከል የሚጎዳው በዚህ ነው። አይ ጂ ሲ ኤስ ኢም አይ ቢም የሁለት የሁለት ዓመት ጉዞ ናቸው፤ መሐል ላይ መውረጃ የላቸውም።

በእኔ ፍርድ ዋናው ሚዛን የቆይታው ርዝመት ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ ለሚመለስ ወይም በየሦስት ዓመቱ አገር ለሚቀይር ቤተሰብ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ይበጃል፤ ልጁ የትም ሲሄድ የሚያውቀውን መጽሐፍ ያገኛል። አራት አምስት ዓመት ለዶክትሬት ጀርመን ወይም ኖርዌይ ለሚቀመጥ ግን የአገሬው የመንግሥት ትምህርት ቤት ይሻላል ባይ ነኝ። ክፍያ የለውም፤ ለአዲስ መጤ ልጆች የቋንቋ ድጋፍ ይሰጣል፤ ልጁም የሰፈሩን ልጆች ያገኛል። «ጀርመንኛ ምን ያደርግለታል?» ይሉኛል። ጓደኛ ያደርግለታል። በስኮላርሺፕ ገንዘብ ላይ ተበድሮ ኢንተርናሽናል የሚያስገባ ሰው አይቻለሁ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ድርጅት የሚከፍልላችሁም ብትሆኑ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ እዩ። ከመደበኛው ክፍያ በላይ የማይመለስ የመመዝገቢያ፣ የሕንፃ መዋጮ፣ የሰርቪስ፣ የምሳ፣ የዩኒፎርምና የፈተና ክፍያ አለ፤ ሁሉንም በጽሑፍ ጠይቁ።

ከዚህ በላይ ልቆይበት የምፈልገው የቋንቋው ጉዳይ ነው። ልጄ ከዚህ 5ኛ ክፍልን በአማርኛ ጨርሶ ነው የሄደው። ናይሮቢ የመጀመሪያዎቹን ወራት ክፍል ውስጥ አፉን አልከፈተም። በዓመቱ በሜዳ ላይ እንደ ልቡ ሲናገር ሰማሁና «አለቀ፣ እንግሊዝኛውን ያዘው» አልሁ። የታሪክ ፈተናውን ግን ወደቀ። ካናዳዊው ሊቅ ጂም ከሚንስ ይህን ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያስረዳ ኖሯል፦ የጨዋታ ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ይያዛል፤ የመጽሐፍ ቋንቋ ግን አምስትና ከዚያ በላይ ዓመት ይፈልጋል። በመጀመሪያ ቋንቋው ጠንክሮ ያነበበ ልጅ ሁለተኛውን ፈጥኖ እንደሚያነብም ያው ሊቅ ይናገራል። ስለዚህ «አማርኛውን ተዉለት፣ እንግሊዝኛው እንዳይበላሽ» የሚል መምህር ቢያጋጥማችሁ በትሕትና አትስሙት። እኔን ብሎኛል፤ ሰማሁት።

መምህራኑንም አትርሱ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙው መምህር የሁለት ዓመት ውል ፈርሞ የሚመጣ ነው። ለጉብኝት ስትሄዱ ቤተ ሙከራውን ያሳዩአችኋል፤ እናንተ ግን «አምና ስንት መምህር ለቀቀ?» በሉ። የቆሎ ተማሪው «መምህሩ ማን ነው?» ሲል የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ስለ ሰነድ አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁና ልለፍ። ሴት ልጄ የተወለደችው በሚያዝያ 1999 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። የልደት ምስክር ወረቀቷን አስተርጕሜ ላክሁ፤ ተርጓሚው ቋንቋውን ለውጦ ዓመቱን እንዳለ ተወው፣ እኔም ሳላየው ፈረምሁ። በመስከረም 2013 በፈረንጅ ቆጠራ ከትምህርት ቤቱ የመጣው ደብዳቤ የ6 ዓመቷን ሕፃን የ14 ዓመት ኮረዳ አድርጎ ከትልልቆቹ ክፍል መድቧታል። ስንደርስ ሬጅስትራሯ ከልጄ ራስ በላይ አሻግራ «ተማሪዋስ?» አለችኝ። ያን ዕለት ሳቅን፤ ወረቀቱን ለማስተካከል ግን እስከ ገና ወሰደብን። የውጤት ካርድ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ የክትባት ካርድ፣ ሁሉም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎበት ይሂድ። የመመለሻውንም ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ሰብስቡ፤ እዚህ ሲመጣ የአቻ ግምት ይጠየቃል።

መመለስ ካልሁ ዘንድ በዚያው ልጨርስ። ከአራት ዓመት በኋላ ስንመጣ ሴት ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም ከአእምሮዋ ጠፍቷል። ዳባት እናቴ ዘንድ ወሰድኋት። እናቴ እጇን ይዛ ብዙ ጠየቀቻት፤ ልጅቱ ፈገግ አለች እንጂ የምትለው አልመጣላትም። ማታ ከምድጃው ዳር «ልጄን ምን አድርጋችሁ አመጣችኋት?» አለችኝ እናቴ። የትምህርት ቤቱን የውጤት ካርድ ይዤ ነበር፤ በሙሉ ኤ ነው፤ ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።

በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፊደል ማስቆጠር፣ ቅዳሜ በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ወደሚሰጠው የአማርኛ ትምህርት መውሰድ፣ በሳምንት አንድ ቀን አያትን በስልክ ማስወራት፤ ይህ ያመለጠን በድካም እንጂ በችግር አልነበረም። ለሚሄዱት የምለው ይኸው ነው።

የመጨረሻው ቃሌ ግን ለእናንተ ለመምህራን ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ተመልሶ ክፍላችሁ ሲቀመጥ፣ «ሀ»ን ገልብጦ ሲጽፍ፣ «ጠ»ን «ተ» ሲል ክፍሉ ይስቃል። የእኔ ልጅ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት ትምህርት ቤት አልሄድም ያለችው በዚህ ነበር። በኣታ ቤት መሪጌታው ከሌላ አገር የመጣውን ተማሪ በዜማው ልዩነት አያስቅበትም፤ ከሚችለው ልጅ አጠገብ ያስቀምጠውና እየሰማ ይስተካከላል። እናንተም አንድ የሚችል ልጅ አጠገቡ አስቀምጡለት፤ ይበቃዋል።